በፊያት 124 ስፓይደር ላይ የአልሙኒየም ቸርኬ መግጠም፦ ልኩ፣ ቡሎኑና የጎንደር መንገድ

ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ጎማ ፍቱና የመኪናችሁን ሞዞ (ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበትን የሚዞር ብረት) ለኩ። ፊያት 124 ስፓይደር ወይም ስፖርት ኩፔ ላለው ሰው ትልቁ ኪሳራም ትልቁ አደጋም የሚመጣው፣ መልኩ የማረከ ቸርኬ አራት ቀዳዳ ስላለው ብቻ «ይገባል» ተብሎ ሲገጠም ነው። እርግጥ ይገባል። አራቱም ቡሎን ይይዛል፣ መኪናው ከጋራዥ ይወጣል፣ አዘዞ ደርሶም ይመለሳል። የሚላላው ቆይቶ፣ ሰው ከረሳው በኋላ ነው።

124 እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ መኪና ነው። ስፓይደሩም በዚያው ዓመት ተከተለ፤ እስከ 1985 ድረስ ተመርቷል። ስፖርት ኩፔው የ1967 ነው። እኛ አገር ያለ ባለ 124 አንድ ትልቅ እድል አለው፦ ላዳ 2101 በ1970 የተነሳው ከዚሁ ከ124 ነው። የቡሎኑ ጥርስና የቀዳዳዎቹ ርቀት አንድ ስለሆነ፣ ላዳ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ መካኒክ ይህን ሞዞ በእጁ ያውቀዋል። ልዩነቱ መሃል ቀዳዳው ላይ ነው። የፊያቱ 58.1 ሚሊ ሜትር፣ የላዳው ግማሽ ሚሊ ያህል ሰፋ ይላል።

ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ የምትይዟቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ (ፒሲዲ)፦ 4 × 98 ሚሊ ሜትር
መሃል ቀዳዳ፦ 58.1 ሚሊ ሜትር
ቡሎን፦ ኤም 12 × 1.25፣ አንገቱ ሾጣጣ፣ የሾጣጣው ማዕዘን 60 ዲግሪ
የቀድሞው ጎማ፦ 165 አር 13፣ ዲያሜትሩ 594 ሚሊ ሜትር ገደማ
ማጥበቂያ፦ 7 ኪሎግራም ሜትር (69 ኒውተን ሜትር ገደማ)

መኪናው ከ40 ዓመት በላይ የኖረ ስለሆነ ከዚህ በፊት ሞዞው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ከማመናችሁ በፊት በመለኪያ ካሊፐር አረጋግጡ።

የ98 እና የ100 ነገር

ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬ ለመለካት ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ቀዳዳዎች ውሰዱ። ከአንደኛው የውጭ ጠርዝ (ከቸርኬው መሃል ከሚርቀው) እስከ ሁለተኛው የውስጥ ጠርዝ (ለመሃሉ ከሚቀርበው) ለኩ። ቀዳዳዎቹ እኩል ስለሆኑ ይህ ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ካለው ጋር አንድ ነው። የምትለኩት ከሾጣጣው አፍ ሳይሆን ከጠባቡ ቀዳዳ ላይ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር አይበቃም፤ የምትፈልጉት ልዩነት 2 ሚሊ ብቻ ነውና።

በየገበያው ያለው ባለ አራት ቀዳዳ ያገለገለ ቸርኬ በብዛት ከቪትዝ፣ ከያሪስና ከኋለኛው ኮሮላ የወጣ ነው። እሱ 4 × 100 ነው። የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ 4 × 114.3 ነው። 114.3ቱ ጭራሽ ስለማይገባ ማንንም አያታልልም። የሚያታልለው 100ው ነው።

100ውን በ98 ሞዞ ላይ ስትገጥሙ እያንዳንዱ ቀዳዳ በ1 ሚሊ ይስታል። መጀመሪያ የጠበቀው ቡሎን በሾጣጣ አንገቱ ቸርኬውን ወደ ራሱ ይስበዋል። የቀሩት ሦስቱ የሚነኩት በአንድ ጎናቸው ብቻ ነው። ቁልፉ ላይ የሚሰማችሁ ጥብቀት ቡሎኑ ከቀዳዳው ጎን ጋር ሲታገል የሚፈጥረው ነው እንጂ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጣብቆ የያዘው ኃይል አይደለም። መኪና የሚሸከመው ደግሞ ያ የማጣበቅ ኃይል ነው፤ ቡሎኑ በወርዱ ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም። ቸርኬው በደንብ ካልተጣበቀ ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ቡሎኑ አንድ ጊዜ ይታጠፋል። 594 ሚሊ ዲያሜትር ያለው ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል። ጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ መሄጃ ብቻ ከ50 ሺህ ጊዜ በላይ ይታጠፋል ማለት ነው። ብረት በዚህ ዓይነት ድካም ሲሰበር ቀድሞ አያስጠነቅቅም።

ቀዳዳውን በሞረድ ወይም በትሬፓኖ ማስፋት መፍትሄ አይደለም። የሾጣጣው ማረፊያ ይበላሻል፣ ቀዳዳዎቹ እኩል አይወጡም፣ ቸርኬውም ከዚያ በኋላ ለማንኛውም መኪና አይሆንም። ይህን አድርጎ የሚሸጥ ሰው ስላለ፣ የምትገዙትን ቸርኬ ቀዳዳ በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱት። እንቁላል ቅርጽ ካለው ተዉት።

የግድ 100ውን መጠቀም ካለባችሁ ትክክለኛው መንገድ አንገቱ ከግንዱ ተለይቶ የሚንሸራተት ልዩ ቡሎን ነው። አንገቱ ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር ይሄዳል፣ ግንዱ ከሞዞው ጋር ቀጥ ብሎ ይገባል። ለ2 ሚሊ ልዩነት የተሠራ ስለሆነ ከዚያ ለበለጠ አይሆንም። የመሃል ቀለበት ሳይኖርም መገጠም የለበትም፤ አንገቱ ስለሚንሸራተት ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያቆመው ቀለበቱ ብቻ ነው። ለ114.3 መቀየሪያ ፍላንጅ (በአንድ ፊቱ ከሞዞው፣ በሌላው ከቸርኬው ጋር የሚታሰር ወፍራም ዝርግ ብረት) ያስፈልጋል። እሱም ቢያንስ 20 ሚሊ ውፍረት ስላለው ጎማውን በዚያው ልክ ወደ ውጭ ያወጣዋል።

የእኛ ምክር ከመጀመሪያውኑ 98 ፈልጉ ነው። የድሮዎቹ ክሮሞዶራና ካምፓኞሎ አሉ፤ በሚኒላይት አምሳያ አዲስ የሚሠሩም በ4 × 98 ይገኛሉ። የፊያት ኡኖና ፑንቶ ቸርኬም 4 × 98 ነው፤ መሃል ቀዳዳውም 58.1 ነው። ነገር ግን እነዚህ በፊት እግራቸው የሚጎተቱ መኪኖች ስለሆኑ ቸርኬያቸው ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ይህን ከታች እናሰላዋለን።

ቡሎን

ፊያት ዳዶ የለውም፤ ቡሎኑ በቸርኬው አልፎ ሞዞው ውስጥ ይጠመዘዛል። የላሜራ ቸርኬ ቀዳዳው አካባቢ ስስ ነው፤ አልሙኒየሙ ግን ወፍራም ነው። የድሮውን አጭር ቡሎን በአልሙኒየም ላይ ስትጠቀሙ ሞዞው ውስጥ የሚገባው ጥቂት ጥርስ ይሆናል። ለኤም 12 ቡሎን ቢያንስ 12 ሚሊ ጥርስ መግባት አለበት። ጥርሱ 1.25 ስለሆነ፣ በእጅ ሲጠመዘዝ ከያዘበት ጀምሮ ሙሉ 10 ዙር ይሆናል። ዙሩን ቁጠሩ። 5 ወይም 6 ላይ ከቆመ ቡሎኑ አጭር ነው፤ ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

ረጅምም መጥፎ ነው። ጫፉ ከሞዞው ጀርባ አልፎ ከወጣ፣ በተለይ ከኋላ፣ የፍሬኑን ክፍሎች ይነካል። ትክክለኛውን ርዝመት ለማግኘት የድሮውን ቡሎን በድሮው ላሜራ ቸርኬ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡና ከጀርባ የወጣውን ጥርስ ለኩ። አዲሱንም በአዲሱ ቸርኬ ውስጥ አስገብታችሁ እንዲሁ ለኩ። ሁለቱ በ1 ወይም 2 ሚሊ ልዩነት ውስጥ ከሆኑ ጨርሳችኋል። ከገጠማችሁ በኋላ ጎማውን በእጅ አዙሩት፤ የሚንኳኳ ወይም የሚፋቅ ድምፅ ካለ አትንዱት።

ጥርሱን በጥንቃቄ አዛምዱ። ቶዮታ የሚጠቀመው ኤም 12 × 1.5 ነው። በዓይን አይለይም፣ ፊያት ሞዞ ውስጥም ሁለት ዙር ያህል ይገባና ይከብዳል። በዚያ ላይ በጉልበት ከተገፋ የሞዞው ጥርስ ይጠፋል። አዲሱንና የድሮውን ቡሎን ጎን ለጎን አጣምራችሁ ወደ ብርሃን አንሷቸው። ጥርስ በጥርስ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ካላሳለፈ አንድ ናቸው።

የአንገቱ ቅርጽም የራሱ ጣጣ አለው። ፊያት ሾጣጣ ነው፣ ብዙ የቮልስዋገን ቡሎን እንደ ኳስ ክብ ነው፣ አንዳንድ የቶዮታ አልሙኒየም ደግሞ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነው። ሾጣጣ ቡሎን በክብ ማረፊያ ላይ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ አልሙኒየሙን ይበላና ይላላል። ለማጣራት ቡሎኑን በጠመኔ ቀቡና በእጅ አጥብቃችሁ ፍቱት። ጠመኔው በቀዳዳው ላይ ሰፋ ያለ ቀለበት ካተመ ትክክል ነው፤ ክር የመሰለ መስመር ብቻ ከሆነ አይዛመድም።

የመሃል ቀለበት

ከሌላ አምራች የመጣ ቸርኬ መሃል ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ሰፊ ነው፤ ለብዙ መኪና እንዲሸጥ ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ከሌለ ቸርኬው በየጊዜው ሲገጠም የተለየ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ መሪው በ80 ወይም በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስም አያድነውም። ጎሚስታው ሦስት ጊዜ ባላንስ ሠርቶ መሪው አሁንም ከተንቀጠቀጠ መሃል ቀዳዳውን ተመልከቱ።

ልኩን የሚያሟላ ቀለበት ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከአልሙኒየም ማስወጣት ይቻላል። የውስጡ ከሞዞው በ0.05 ሚሊ ብቻ ሰፋ ይበል፣ የውጩ ከቸርኬው ቀዳዳ በ0.05 እስከ 0.1 ጠበብ ይበል። በእጅ ተገፍቶ መግባት አለበት፤ በመዶሻ የሚገባ ከሆነ ነገ አይወጣም። የፕላስቲክ ቀለበት ለከተማ ይበቃል። ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ግን ፍሬኑ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ሞዞው ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይለሰልሳል። እዚህ ለሚነዳ ሰው አልሙኒየሙን እንመርጣለን።

ሞዞው ላይ ዲስኩን የሚይዝ ወጣ ያለ ፒን ካለ ደግሞ አስተውሉ። የፋብሪካው ቸርኬ ለፒኑ ትንሽ ቀዳዳ አለው፣ የሌላው ግን ላይኖረው ይችላል። ያኔ ቸርኬው ፒኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ቡሎኑ ሲጠብቅም ቸርኬው ይጣመማል። ፒኑን ጠፍጣፋ ጭንቅላት ባለው ብሎን ቀይሩት ወይም ቸርኬው ላይ ለፒኑ ቦታ አስወጡለት።

ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ምን ያህል?

ቸርኬ ላይ «6ጄ × 14 ኢቲ 20» ዓይነት ጽሑፍ አለ። 6ቱ ወርዱ በኢንች ነው፣ 14ቱ ዲያሜትሩ። ኢቲ የሚባለው ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ መስመር እስከ ማረፊያ ፊቱ ያለው ርቀት በሚሊ ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል፣ በቀነሰ መጠን ወደ ውጭ ይወጣል።

በምሳሌ እናስላው። የላዳው የላሜራ ቸርኬ 5ጄ ኢቲ 29 ነው። በሱ ቦታ 6ጄ ኢቲ 20 ብታስገቡ፣ ወርዱ በ1 ኢንች ስለጨመረ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ይሰፋል። ኢቲው በ9 ስለቀነሰ ሁሉም ነገር 9 ሚሊ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ የውስጡ ጠርዝ 12.7 ሲቀነስ 9፣ ማለት 3.7 ሚሊ ብቻ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የውጩ 12.7 ሲደመር 9፣ 21.7 ሚሊ ይወጣል። ከቪትዝ የመጣ ዓይነት 6ጄ ኢቲ 45 ብታስገቡ ግን የውስጡ ጠርዝ 28.7 ሚሊ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከፊት የመሪውን ክንድና የፍሬኑን ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል)፣ ከኋላ የመኪናውን አካል ግድግዳ ሊነካ ይችላል። የኡኖና የፑንቶ ቸርኬም ችግሩ ይህ ነው።

የእናንተን ስፓይደር በላዳው ቁጥር ሳይሆን በራሱ ለኩ። በቸርኬው ጀርባ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድሙና ከጣውላው እስከ ማረፊያ ፊቱ ያለውን ጥልቀት በሚሊ ያዙ። ይህን ከድሮውም ከአዲሱም ቸርኬ ላይ ውሰዱ፤ ልዩነቱ አዲሱ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ይነግራችኋል። ስሌት የማይወድ ሰው በዚህች ብቻ ሥራውን ይጨርሳል።

ከፍሬን ካሊፐሩ ጋር ያለውን ክፍተት ለማወቅ ጠንከር ያለ ሊጥ በፌስታል ጠቅልላችሁ ካሊፐሩ ጀርባ ላይ ለጥፉና ቸርኬውን ያለ ጎማ ግጠሙት፣ አንድ ዙር አዙራችሁ አውጡት። የቀረው የሊጥ ውፍረት ክፍተቱ ነው። ከ3 ሚሊ ያነሰ አትቀበሉ። ክረምት ላይ ጭቃና ጠጠር ስለሚገባ 5 ይሻላል። ከውስጥ የሚለጠፍ የባላንስ እርሳስም ቦታ ይፈልጋል።

ስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ዝርግ መሙያ) ያስፈልጋል ከተባለ ከ5 ሚሊ አትለፉ፤ የስፔሰሩን ውፍረት ያህል ቡሎኑም መርዘም አለበት። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መሪው ጉድጓድ ላይ እጅን ይመታል፣ የፊት ኩሽኔታም ቶሎ ያልቃል።

የትኛው ጎማ?

እዚህ ላይ ሰው መልክ ይፈልጋል፣ መንገዱ ደግሞ ሌላ ይፈልጋል። ኮብልስቶኑ፣ የፍጥነት መቀነሻው፣ ክረምት የሚያወጣው ጉድጓድ ለስስ ጎማ አይራሩም። የጎማው ጎን ሲያንስ ምቱን የሚቀበለው የቸርኬው ጠርዝ ነው። ላሜራ ሲመታ ይጎብጣል፣ በመዶሻም ይቃናል። አልሙኒየም ግን ይሰነጠቃል።

ለ14 ኢንች 185/65 የእኛ ምርጫ ነው። ዲያሜትሩ 596 ሚሊ ነው፤ ከቀድሞው 165 አር 13 በ2 ሚሊ ብቻ ይበልጣል። የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም፣ የመኪናውም ከፍታ አይቀንስም። በ5.5 ወይም በ6 ኢንች ወርድ ላይ በደንብ ይቀመጣል። 175/65 አር 14 ያሪስ የሚጠቀመው ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል፤ ዲያሜትሩ 583 ነው፣ መኪናውን 6 ሚሊ ያህል ዝቅ ያደርገዋል፤ እሱም ይሆናል። በ13 መቆየት ለሚፈልግ 185/70 አር 13 589 ሚሊ ነው። 15 ኢንች ከተፈለገ 195/55 አር 15 በዲያሜትር ይስተካከላል (595)፣ ግን የጎኑ ቁመት 107 ሚሊ ነው፤ የ185/65ቱ 120 ነው። ያቺ 13 ሚሊ ናት ጉድጓድ ላይ ቸርኬ የምታድነው።

ያገለገለ ቸርኬ ስትገዙ

ፊቱን ሁሉም ሰው ይወለውለዋል፤ እናንተ ጀርባውን እዩ። የተበየደ ቦታ ካለ፣ በተለይ በክንዶቹ ሥር ወይም በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ አትውሰዱ። ስንጥቅ ለማግኘት ቸርኬውን በደንብ አጥባችሁ አድርቁ፣ ነጭ ጋዝ ቀቡትና 15 ደቂቃ ቆዩ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ የተፈጨ ጠመኔ ንፉበት። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጋዝ ተመልሶ ሲወጣ ጠመኔው ላይ እርጥብ መስመር ያሳያል። ርካሽ ዘዴ ነው፣ ግን ዓይን የማያየውን ያወጣል።

የድሮ የጣሊያን እሽቅድምድም ቸርኬ አንዳንዱ ማግኒዥየም ነው። ከጀርባ ቀለሙን ትንሽ ፋቅ አድርጋችሁ የአቼቶ ጠብታ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ማግኒዥየም ነው፤ አልሙኒየም ዝም ይላል። ማግኒዥየም ከሆነ በፍጹም እንዳይበየድ፣ በግራይንደርም እንዳይነካ፤ ብናኙ እሳት ይይዛል፣ በውሃም አይጠፋም።

መጣመሙን ለማየት ጎሚስታው ማሽን ላይ ባዶውን ያስዙሩት፣ አጠገቡም የመጻፊያ እርሳስ ያቁሙ። ጠርዙ ከእርሳሱ ጋር ያለው ርቀት ከ1 ሚሊ በላይ ከተለዋወጠ ዋጋውን ተከራከሩ ወይም ተዉት። የጭነት ልኩ ከተጻፈበትም ከ400 ኪሎ በታች የሆነውን አትግዙ።

መግጠም

ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። ጎንደር ዳገት ናት፤ ተዳፋት ኮብልስቶን ላይ ክሪክ አይቆምም። በአንድ እግሩ በቆመ መኪና ስር አትግቡ። ለድጋፍ ብሎኬት አትጠቀሙ፣ ሳይታሰብ ይፈርሳል፤ ወፍራም ግንድ ይሻላል። የእነዚህ መኪኖች የጎን ማንሻ ቦታ በዝገት የተበላ ስለሚሆን ከፊት በሞተሩ ስር ካለው ተሻጋሪ ብረት፣ ከኋላ ከአክሰሉ ላይ አንሱ። ቡሎኖቹን ጎማው መሬት እንደነካ ግማሽ ዙር አላሏቸው፣ ከዚያ አንሱ።

ጎማው ከወጣ በኋላ ያለውን አጋጣሚ አትለፉት። የፊቱን ሞዞ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። በግልጽ የሚሰማ ልቅነት ካለ አዲስ ቸርኬ ከመግጠማችሁ በፊት ኩሽኔታው መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ በኋላ የሚመጣውን ንቅንቅ ከቸርኬው ጋር ታምታቱታላችሁ።

የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹህ ብረት ፍቁ። በቸርኬው ማረፊያ ፊትና በቡሎን ማረፊያዎቹ ላይ ወፍራም ቀለም ካለ አንሱት። ቀለም ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይሳሳል፣ ቡሎኑ ሳይዞር ጥብቀቱ ይጠፋል። አዲስ ቀለም የተቀባ ቸርኬ በሁለተኛው ቀን የሚላላው ለዚህ ነው። አልሙኒየምና ብረት በእርጥበት ሲገናኙ ስለሚጣበቁ የሞዞውን የመሃል አንገት ብቻ ስስ ግራሶ ቀቡት። ፊቱን አትቀቡ። የቡሎኑን ጥርስም አትቀቡ፦ በተቀባ ጥርስ 7 ኪሎግራም ሜትር ከሚገባው በላይ ይጎትታል።

አራቱንም ቡሎን በእጅ እስከ መጨረሻው አስገቡ። በእጅ የማይገባ ቡሎን በቁልፍ አይገፋም። ጎማው አየር ላይ እንዳለ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ፊት ለፊት ያለውን እያስከተላችሁ፣ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ፤ መኪናውን አውርዱና በሁለት ዙር ጨርሱ፦ መጀመሪያ 4፣ ከዚያ 7 ኪሎግራም ሜትር። በኮምፕሬሰር የሚሠራውን መፍቻ ጎሚስታው እንዳይጠቀም አስቀድማችሁ ንገሩት። እሱ ለጭነት መኪና ነው፤ የኤም 12 ቡሎንን ይወጥራል፣ የአልሙኒየሙንም ማረፊያ ያደቃል።

የቶርክ ቁልፍ ከሌለ የገበያ ስፕሪንግ ሚዛን ይበቃል። ከቡሎኑ መሃል 35 ሳንቲ ሜትር ላይ የቁልፉን እጀታ ምልክት አድርጉ፣ ሚዛኑን እዚያ አንጠልጥሉና ከእጀታው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ሳቡ። 20 ኪሎ ሲያነብብ 7 ኪሎግራም ሜትር ነው።

ከዚያ በጭነት ፈትኑት። የመኪናው የኋላ ዕቃ መያዣ ውስጥ 50 ኪሎ ሲሚንቶ አንድ ከረጢት ጫኑ፣ ሁለት ሰው ይቀመጥ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ። ከፓራፋንጎው ከንፈር ጋር ያለው ክፍተት ሲጫን ከ10 ሚሊ በታች ከሆነ ጉድጓድ ላይ ይነካል። የኋላ አክሰሉ በአንድ አግዳሚ ዘንግ ስለሚያዝ ሲነሳና ሲወርድ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ስለዚህ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለኩ፣ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይሆንም።

ከተገጠመ በኋላ

የመጀመሪያው ጉዞ እስከ አዘዞና መልስ ይሁን። ስትመለሱ ሞዞዎቹን በእጅ ጀርባ ቅረቡ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬን ወይም ኩሽኔታ ይዟል። ቡሎኑን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና አጥብቁ። በሁለተኛው ጊዜም ከዞረ አንድ ነገር ትክክል አልተቀመጠም። ደጋግሞ ማጥበቅ መፍትሄ ስላልሆነ አውርዳችሁ ቀለሙን፣ ፒኑንና የአንገቱን ቅርጽ እዩ።

ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በ26 ፒኤስአይ ጀምሩ፤ ጭነት ሲኖር የኋላውን 28 አድርጉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ መተማ 700 ሜትር ገደማ። እዚያ ስትወርዱ የአየሩ ክብደት ስለሚጨምር ብቻ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከ3 በላይ ይጨምረዋል። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ በመንገድ ላይ የጋለ ጎማ ንፋስ አታስወጡ፤ ካስወጣችሁ ጎንደር ስትመለሱ ጠዋት ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

መሪው ከ50 በታች ከተንቀጠቀጠ ቸርኬው ተጣሟል ወይም ማረፊያ ፊቱ ላይ ቆሻሻ ቀርቷል። ከ80 በላይ ብቻ ከሆነ ባላንስ ወይም የመሃል ቀለበት ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ቸርኬውን አትንኩ፣ ዲስኩ ነው፤ ቡሎን ሳይመጣጠን ከጠበቀም ዲስክ ይጣመማል።

አራቱ የድሮ አጭር ቡሎኖች አይጣሉ። ስኮርት ጎማችሁ የቀድሞው ላሜራ 13 ከሆነ፣ ለአልሙኒየሙ የገዛችሁት ረጅም ቡሎን በስሱ ላሜራ ላይ ከሞዞው ጀርባ አልፎ ይወጣል፤ የኋላውንም ፍሬን ሊያንቅ ይችላል። አጭሮቹን በጨርቅ ቋጥራችሁ ከክሪኩ ጋር እሰሩ፣ ሌሊት መንገድ ላይ ጎማ የሚቀይረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንዲያገኛቸው።